ሦስት ቀለምና የዓሣ ማቀዝቀዣ

በረዶው የጣለው ሌሊት ነው። እኔ ያየሁት ግን ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሻይ ልጥድ ወጥ ቤት ስገባ ነበር። ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። የፊት ለፊቱ ሕንፃ ጣሪያ፣ የቆሙት መኪኖች ጀርባ፣ የጎረቤቴ የልብስ ማስጫ ሽቦ ሳይቀር ነጭ ደርቦ አድሯል። የአየር ትንበያው ሳምንቱን ሙሉ «ሊጥል ይችላል» እያለ ሲያጓጓን ስለሰነበተ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ማንቆርቆሪያውን ምድጃው ላይ ጣል አድርጌ ወደ ስልኩ ሮጥኩ። ውሃ እንዳልጨመርኩበት የነገረኝ ከስልክ ስመለስ የጠበቀኝ የቃጠሎ ሽታ ነው።

እንዲህ ያስሮጠኝ አንድ ባዶ ግድግዳ ነበር። በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ የውሃ ቀለም ሥዕል እንማራለን። የዓመቱ ሥራችን በመተላለፊያው ላይ ሊታይ ነበርና አሥራ ስምንት ሥዕሎች ተሰቅለዋል። አሥራ ዘጠነኛው ቦታ፣ ከደረጃው እንደወጡ ፊት ለፊት የሚታየው፣ ክፍት ነው። መምህራችን ያንን ቦታ በረዶ ለለበሰች ከተማ ብቻ ብሎ አስቀመጠው። ችግሩ ወቅቱ ሊያልቅ ሆኖ በረዶ አለመጣሉ ነበር። «እስከ ሰኞ አሥር ሰዓት ይዞ የመጣ ይሰቅላል» ብሎን ነበር፤ «ካልመጣ የእሳት ማጥፊያውን መመሪያ እሰቅልበታለሁ።» ዛሬ ሰኞ ነው።

ሁለት ዓመት ስማር ለአንድም ትርኢት ሥዕል ሰጥቼ አላውቅም። በተጠየቅኩ ቁጥር «ለሚቀጥለው» እላለሁ። ይህን ቦታ ግን ፈልጌዋለሁ። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ ቅዳሜ ቅዳሜ ደረጃውን ስወጣ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነበር።

መምህራችንን በሌለበት «ቆንቋናው» እንለዋለን። የመጀመሪያው ቀን ያመጣነውን ቀለም ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አስዘርግፎ፣ ለያንዳንዳችን ሦስት ሦስት ቱቦ ብቻ ትቶ፣ የቀረውን በብስኩት ቆርቆሮ ከትቶ ቆለፈበት። አብሮን የሚማር ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም አለ፤ ልጆቹ አርባ ስምንት ቀለም ገዝተውለት ኖሮ፣ አርባ አምስቱ ሲወሰድበት ፊቱ ያለ ማደንዘዣ እንደተነቀለ ሰው ሆነ። የቀሩልን ሰማያዊ፣ እኛ «ሸክላው» የምንለው ቀላ ያለ ቡኒ፣ እና አፈር መሳይ ቢጫ ናቸው። ሰማያዊና ሸክላው ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉራ ያበርዳል፤ ግራጫ ይወጣል። ሰማያዊው ከበዛ በበረዶ ላይ የሚያርፍ ጥላ ነው። ሸክላው ከበዛ የቆየ ግድግዳ፣ ጢስ፣ እርጥብ እንጨት ነው። ነጭ ቀለም የለንም። ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው፤ በውሃ ቀለም በረዶ አይቀባም፣ ሳይነካ ይተዋል።

የደወልኩት ለባለቤቴ ታላቅ እህት ነው። ከእኛ ሕንፃ ሥር የዓሣ መደብር አላት፤ ሰኞ ሰኞ ዝግ ቢሆንም እሷ ወርዳ ማጠቧን አትተውም። ባለቤቴ ከሞተ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። እሷ እስከ ዛሬ «ሙሽሪት» ትለኛለች። ሃያ ስድስት ዓመት የጠራችኝበት ስም ነው፤ ተይ አላልኳትም።

«እትዬ፣ በረዶ ጥሏል» አልኳት።

በረዶ ለእሷ ዜና እንዳልሆነ፣ ከበረዶ ጋር ስትጨባበጥ ሠላሳ ዓመት እንዳለፋት ነገረችኝ። ድልድዩ ላይ ቆሜ ልስል ስለሆነ ነፋሱ እንዳይመታኝ ጃንጥላ እንድትይዝልኝ ለመንኳት። «ልትስዪ ነው ወይስ ድርቅ ልትዪ?» አለችና፣ ሁለት ካፖርት እንድደርብ አዝዛ ስልኩን ዘጋችው።

ዕቃዬን አዘጋጀሁ። ውሃ የሚችል ወፍራም ወረቀት የቀረኝ አንድ ብቻ ነበር፤ ቀጭኑ ገና ሲረጥብ ይኮማተራል። እሱን ጣውላው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር ለጠፍኩት። ሁለት ብሩሽ፣ ሦስቱን ቱቦ፣ ውሃ የሞሉ ሁለት የማርመላታ ጠርሙስ ያዝኩ። በውርጭ ውጭ ስትስሉ ተራ ውሃ ወረቀቱ ላይ በረዶ ይሠራባችኋልና የቁስል አልኮል ጠብ አድርጉበት ብሎ መምህራችን አስተምሮን ስለነበር፣ ከመድኃኒት መሳቢያዬ አውጥቼ በየጠርሙሱ ሁለት ሁለት ማንኪያ ጨመርኩ። ሃያ ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ለክቶ መሥራት ደስ ይለኛል።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ድልድዩ ጋ ደረስን። ከሥር የባቡር ሐዲድ ነው፤ ከሐዲዱ ማዶ ባለ አራት ፎቅ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተሰልፈዋል፤ ከጣሪያዎቹ በላይ ሦስት የጢስ ማውጫና አንድ የውሃ ጋን ብቅ ብለዋል። ያ ሁሉ ጣሪያ ነጭ ነበር። የጥርስ ሐኪሙ ቀድሞን ተጣጣፊ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። አፍንጫው ቲማቲም መስሏል።

«ዘገዩ» አለኝ በደስታ። «እኔ ሰማዩን ጨርሻለሁ።»

እትዬ አንገቷን አስግጋ ሥዕሉን አየችው። «ይሄ ሰማይ ነው እንዴ? እኔ እኮ ድድ መስሎኝ።»

ሐኪሙ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ቦታዬን ያዝኩና በእርሳስ መንደፍ ጀመርኩ። ጀርባዬን ለሁለቱም ሰጥቼ የጣሪያዎቹን መስመር ሳወጣ ዓለም ጠፋችብኝ። መስመሩ እንደ ደረጃ ይወርዳል፤ የውሃ ጋኑ ብቻ ወግ አጥባቂ ሆኖ ቀጥ ብሏል። ሩብ ሰዓት ያህል ሳይሆን አይቀርም የቆየሁት።

በዚያ ሩብ ሰዓት እትዬ ሥራ ፈታ ነበር። እሷ ደግሞ ሥራ መፍታት አትችልም። ዓሣ የሚሸጥ ሰው የቆመ ውሃ ካየ እጁን ይበላዋል፤ በመደብሯ ውስጥ የባልዲ ውሃ ማንም ሳያዛት በቀን አሥር ጊዜ ትቀይራለች። ጠርሙሶቹን ከፍታ አሸተተች። ሽታቸውን አልወደደችውም። ሁለቱንም ከድልድዩ ወዲያ ደፋቻቸውና፣ ማዕዘኑ ላይ ካለው ጋዜጣ ሻጭ ኩልል ያለ ንጹሕ ውሃ አስቀድታ መልሳ አስቀመጠችልኝ። ምንም አልነገረችኝም። የሚነገር ነገር ነው ብላም አላሰበችም።

ሰማዩን ለመቀባት ብዙ ቀለም በአንድ ጊዜ አዘጋጀሁ፤ ሰማያዊ፣ ከዚያ የሸክላው ጠብታ፣ ከዚያ ደግሞ አንድ። ትልቁን ብሩሽ አጠጥቼ ከወረቀቱ ጫፍ ጀመርኩ። ጣውላውን ወደ እኔ ዘንበል አድርጌ ቀለሙ በራሱ ክብደት ሲወርድ እየተቀበልኩት አመጣሁት። እንደዚያ ቀን የታዘዘልኝ ቀለም የለም። ከላይ ጠቆር ብሎ፣ ወደ ጣሪያዎቹ ሲቀርብ እየሳሳ፣ በረዶ ገና ያዘለ ሰማይ ሆነ።

ከዚያ ብሩሹ ወረቀቱ ላይ አስቸገረኝ። ሳየው ጫፉ ደርቆ እንደ ሽቦ ቆሟል። ወደ ቀባሁት ሰማይ ስመለከት ልስላሴው የለም። ከቀኝ ጠርዝ አንድ ቀጭን ነጭ መስመር ተነሥቶ ሮጠ፤ ከጎኑ ትንንሽ መስመሮች አወጣ፤ እያንዳንዳቸው ደግሞ ሌላ። ዓይኔ እያየ ቀለሙ በረዶ ሠርቶ ሰማዩ በሙሉ ላባ አበቀለ።

«እትዬ» አልኩ ቀስ ብዬ፣ «ውሃውን ምን አደረግሽው?»

«ቀየርኩት። ይሸት ነበር።»

በኩራት ነው የነገረችኝ። ሐኪሙ ብሩሹን አስቀምጦ መጣና አየ። አዝኖልኛል፤ እውነቱን ለመናገር ግን ከንፈሩ ዳር ላይ ትንሽ ብርሃን ነበረች። ጋዜጣ ሻጩ ጋ ማሞቂያ አለ፣ እዚያ አቅልጠው በስፖንጅ ጠርገው እንደገና ይጀምሩ አለኝ። ልክ ነበር። ያለኝ ወረቀት ያ ብቻ ነው፤ ሌላ መንገድ አልታየኝም። ጣውላውን አነሣሁ።

እትዬ በሌላው ጫፍ ያዘችብኝ።

«ወዴት?»

«ሙቀት ወዳለበት።»

«እንዳትሞክሪው» አለች። ጎንበስ ብላ አፍንጫዋ ሊነካው እስኪደርስ ሰማዩን አየችው። «ይሄንን እኮ አውቀዋለሁ፤ የማቀዝቀዣዬ በር ላይ የሚያብበው ነው። እሳት ካሳየሽው ሾርባ ሆኖ ቀረ። ስሚኝ ሙሽሪት፤ ዓሣ ሳልሸፍን ማቀዝቀዣ ውስጥ ብረሳው ምን ይሆናል?»

«ይደርቃል» አልኩ።

«ይደርቃላ። ሳይቀልጥ ነው የሚደርቀው። በረዶው ተነሥቶ ይሄዳል፣ ዓሣው እንዳለ ይቀራል። ስንት ኪሎ አበላሽቶብኛል መሰለሽ? ዛሬ እንኳ ይጥቀመን።»

በረዶ ሳይቀልጥ በቀጥታ ተን ሊሆን እንደሚችል ሃያ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ። ፈተና አውጥቼበታለሁ፤ ያልመለሱትን ልጆች ነጥብ ቀንሼባቸዋለሁ። አሁን ግን ወረቀቴን ይዤ ወደ እሳት እየሮጥኩ የነበርኩት እኔ ነኝ። ላባው ሳይፈርስ ውሃው ብቻ ከወጣ ቀለሙ ባለበት ይቀራል ማለት ነው።

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ዓሣ ሳምንት ይፈጃል። ይሄ ከዓሣ ቆዳ የሳሳ ነው፤ ማራገቢያው ፊት እናቆመው። አሁን ግን ዝም ብለሽ ሂጂ፤ ፀሐይዋ እየመጣች ነው።»

እውነትም ደመናው መሳሳት ጀምሯል። ከድልድዩ እስከ መደብሯ አራት መቶ እርምጃ ያህል ነው። እኔ ጣውላውን እንደ ትሪ ጠፍጣፋ ይዤ፣ እሷ ጃንጥላውን ለእኔ ሳይሆን ለሥዕሉ ዘርግታ ሄድን። ፊት ፊት እየቀደመች «ዘወር፣ ዘወር» ትላለች። አንድ ሰውዬ ኬክ ነው ወይ ብሎ ጠየቀን፤ አዎ፣ ግን አይቀመስም አለችው። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ሰው ተጨናንቆ ስለሚተነፍስ በመኪናው መንገድ ዞርን። ዳቦ ቤቱ ሞቃት አየር የሚተፋበትን ቀዳዳ ሳስታውስ ደግሞ ወደ ማዶ ተሻገርን፤ አንድ ሹፌር የነገረንን እዚህ አልጽፈውም። መደብሩ በር ላይ ስንደርስ ከታች በግራ በኩል አንድ ጠብታ ቀልጦ አየሁ። ሲንሸራተት ጣውላውን ወዲያ ባዘነብለው ቆመ፤ ከሁለት ጣት በላይ አልሄደም።

ማቀዝቀዣው ክፍል ከዜሮ በታች ሃያ ዲግሪ ነው። እትዬ አንድ ሣጥን ዓሣ ከማራገቢያው ፊት ገፋ አድርጋ ጣውላውን እዚያ አቆመችው። ግራና ቀኙ ክፍት አፍ ያላቸው ዓሦች ተደርድረው ሥዕሉን ያዩታል። በሩን ዘጋችና ከውጭ ቆመች። በየአሥር ደቂቃው ገብቼ ልይ ብዬ ነበር፤ ከለከለችኝ። በሩ በተከፈተ ቁጥር እርጥበት ይገባል፣ ዓሣውም ሥዕሉም ይጎዳል አለች። ለማስታገሻ ይሁን ብላ ባዶ ሣጥን ገልብጣ አስቀመጠችኝና ሻይ ቀዳችልኝ።

ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ተኩል ተቀመጥን። በመስታወቱ በኩል መንገዱን አያለሁ። ሰማዩ እየጠራ ነው። ከጣሪያ ጫፎች ውሃ ይንጠባጠባል፤ መጀመሪያ በየተራ፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ። ሰማዬ እዚህ ሲደርቅ ከተማዬ እዚያ እየቀለጠች ነው። ተነሥቼ እቀመጣለሁ፣ ተቀምጬ እነሣለሁ። እትዬ ቢላዋዎቿን እያጠበች ታየኛለች።

«ወንድሜ ቢኖር ኖሮ» ብላ ጀመረች።

ለአንድ ሣጥን ዓሣ ስንት አካፋ በረዶ እንደሚያስፈልግ ጠየቅኳት። ቢላዋውን ይዛ ትንሽ አየችኝና፣ እንደ ዓሣው ዓይነት ነው ብላ አንድ በአንድ ታስረዳኝ ጀመር።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሲል በሩን ከፈተችው። መጀመሪያ የገባሁት እኔ ነኝ። ጓንቴን አውልቄ የወረቀቱን ጠርዝ በጣቴ ጀርባ ነካሁት። ብርዱ ብቻ ነው የተሰማኝ፤ እርጥበት የለም። ወደ ሰማዩ ገባ አድርጌ ነካሁት። ደረቅ ነው። በረዶው ሄዷል፣ ላባዎቹ ግን አንድም ሳይጎድሉ አሉ። ሰማያዊው እንደ ደቃቅ አሸዋ በየላባው ጠርዝ ተሰልፎ፣ ሸክላው በመሃላቸው እንደ ጢስ ተኝቷል። በብሩሽ ቢሆን ዕድሜዬን ሙሉ ብለፋ አላወጣውም።

«እትዬ» አልኩ።

«አየሁት» አለች። ከዚያ ደግሞ «ውሃውን ባልቀይርልሽ ኖሮ ይሄኔ ምን ይዘሽ ነበር?»

ተሟግቼ የማልረታው ነገር ነውና ተውኩት።

ሩጫ ተጀመረ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ሐኪሙ ሄዷል፤ ጋዜጣ ሻጩ ሰውየው ጨርሶ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ወሰደው አለን። ከሐዲዱ ማዶ ያለው የቤቶች ሰልፍ ነጭ ልብሱን እያወለቀ ነበር። ፀሐይ በቀኝ በኩል ስለሆነች የቀኙ ጣሪያዎች ቀድመው ይሸነፋሉ፤ በረዶው በአንድ ጊዜ ተንሸራቶ ዱብ ይልና ጥቁር እርጥብ ክዳን ይቀራል። ጠዋት ያየሁትን በትዝታ ልስል ወይስ አሁን ያለውን? ብሩሹን አርጥቤ ለአንድ አፍታ ተቸገርኩ። ከዚያ ከግራ ጀመርኩ። እዚያ ሁሉም ገና ነጭ ነበር፤ ጣሪያዎቹን ለወረቀቱ ተውኩለትና ግድግዳዎቹን ብቻ በሸክላው ከሥር አስገባሁ። ወደ ቀኝ ስሄድ እንደሚወድቀው እየወደቀ ልስለው ቆረጥኩ።

እትዬ ጃንጥላውን አጥፋ የድልድዩን አጥር ተደግፋ እንደ ኳስ ጨዋታ ታስተላልፍልኝ ጀመር። ሁለተኛው ጢስ ማውጫ ሥር ያለው ሊለቅ ነው፤ ተንቀሳቅሷል፤ ግማሹ ቆሟል፤ አይ፣ ሄደ። እኔ እየሰማሁ እቀባለሁ። ግማሹ የቆመውን ጣሪያ በግማሹ ያዝኩት። ሰማያዊና ሸክላውን እኩል አድርጌ የመጨረሻዎቹን ሁለት ጣሪያዎች በእርጥብ ጥቁር ደመደምኳቸው። የጢስ ማውጫዎቹን በጠፍጣፋው ብሩሽ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ጫን አልኳቸው። ቢጫውን እስካሁን አልነካሁትም ነበር፤ ከግድግዳዎቹ ሥር፣ ፀሐይ በረዶው ላይ ባረፈችበት ቦታ፣ ሊታይ ባይታይ የሆነ ጭላጭ ጨመርኩ። እጄ ይሮጣል፤ እኔ እከተለዋለሁ። መቼ እንደዚህ ሆኜ እንደነበር ለማስታወስ ጊዜ አልነበረኝም፤ ባለመኖሩም ደስ አለኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ አስቀመጥኩት። «ጨርሰሻል?» አለች እትዬ። ጨርሻለሁ አልኳት። «ታዲያ ምን ያቆምሻል?» አለችኝ።

ደረጃውን እያለከለክን ስንወጣ አሥር ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነው። መምህራችን መሰላል ላይ ቆሞ ያቺን ባዶ ግድግዳ በሜትር ይለካል። የጥርስ ሐኪሙ ሥዕል ከሥር ግድግዳውን ተደግፏል። ጥሩ ነበር፤ ንጹሕ፣ ጥንቅቅ ያለ፣ ጣሪያዎቹ ሁሉ እንደ ተቦረሸ ጥርስ ነጭ። ሐኪሙ አጠገቡ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። እኔን ሲያይ ፈገግታው ትንሽ ቀነሰ።

የእኔን ጣውላ ከእሱ ጎን አቆምኩት። መምህራችን ከመሰላሉ ወርዶ መነጽሩን አደረገ። መጀመሪያ ግን አሸተተ።

«ምን ይሸታል?»

«ዓሣ ነው» አለች እትዬ፤ «ትኩስ ዓሣ።»

ወረቀቱ ማቀዝቀዣው ውስጥ የተማረውን ሽታ ይዞት መጥቷል። መምህራችን ጎንበስ አለ፤ ሰማዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው። ከዚያ ጨው ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አምና ከመካከላችን አንዷ እርጥብ ቀለም ላይ ጨው በትና ኮከብ አስወጥታ ነበር፤ ይሄ ወጥ ቤት እንጂ ሥዕል አይደለም ብሎ አውርዶባታል። ጨው አይደለም አልኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ የአልኮሉን፣ የተደፋውን ውሃ፣ ውርጩን፣ ማቀዝቀዣውን። ምንም አልደበቅኩም።

መነጽሩን አወለቀ። «እንግዲያው ሰማዩን እርስዎ አልሠሩትም» አለኝ። «አጋጣሚ ነው የሠራው።»

እትዬ አፏን ስትከፍት ክንዷን ያዝኳት።

«ሰማያዊውን ከሸክላው የለካሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ጣውላውን ያዘነበልኩት እኔ ነኝ። በረዶ ሲሠራ አቅልጬ መጥረግ እችል ነበር፤ ላጠፋውም ተነሥቼ ነበር፤ ከዚያ አየሁት፣ ላቆየው ወሰንኩ። ወረቀት አለው፣ ሦስት ቀለም አለው፣ ውሃ አለው። ውሃው ትንሽ ጊዜ ጠጠረ እንጂ ሌላ ነገር አልገባበትም። መምህር፣ ቦታውን እፈልገዋለሁ።»

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ከንባብ ክፍሉ አንድ ሰው ከመጽሐፉ ቀና አለ።

መምህራችን ይህንኑ ሰማይ እንደገና ልሠራው እችል እንደሆን ጠየቀኝ። እችላለሁ አልኩት። ይህንኑ ሳይሆን እህቱን። ከዜሮ በታች አምስት ዲግሪ እንደሚበቃ፣ ቀለሙ ከዛሬው ቀጠን ማለት እንዳለበት፣ መስመሩ ከየት እንዲነሣ ከተፈለገ ያንን ጠርዝ ቀድሞ ማድረቅ እንደሚሻል፣ ጣውላውን ላባው ሲጀምር ሳይሆን ከዚያ በፊት መመለስ እንደሚያስፈልግ ነገርኩት። ሁሉንም ማቀዝቀዣው በር ላይ ተቀምጬ ያሰብኩት ነው። ያለ ትንፋሽ አወራሁ። እሱ እንደዚህ ስናገር ሰምቶኝ አያውቅም፤ አንገቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ እስከ መጨረሻው አደመጠኝ።

የጥርስ ሐኪሙ ወደ ጣውላዬ ቀረብ ብሎ፣ የሰው አፍ ውስጥ እንደሚመለከት ዓይኑን አጥብቦ ላባዎቹን አንድ በአንድ ተመለከታቸው። ብዙ ቆየ። ተመልሶ የራሱን ሥዕል አነሣና በብብቱ ያዘው።

«የእኔ በረዶ ነጭ ነው» አለ። «የእሷ ይበርዳል።»

መምህራችን መዶሻውን ከኪሱ አወጣ። እጀታውን ወደ እኔ ዘረጋው። ሚስማሩን እኔው እንድመታ፣ ከጠመመ ግን ራሱ እንደሚያወርደው ነገረኝ።

መሰላሉ ላይ ወጣሁ። የመጀመሪያውን ሚስማር አጎበጥኩት። እትዬ ከታች ሌላ አቀበለችኝ፤ ሐኪሙ መሰላሉን በአንድ እጁ ያዘልኝ። ሁለተኛው ገባ። ሥዕሉን ሰቀልኩ፤ መምህራችን ውሃ ልኩን አምጥቶ ከላዩ አስቀመጠ፤ አረፋው መሃል ላይ ቆመ። እንደገና አስቀመጠው፤ ያው ሆነ። ትንሽ ያዘነ መሰለኝ።

ሁሉም ሲበተኑ እኔ ደረጃውን ወረድኩ። ታች፣ መግቢያው ጋ ደርሼ ዞርኩና ማንኛውም ሰው እንደሚወጣው ቀስ ብዬ ወጣሁ። ከመጨረሻው መታጠፊያ ቀና ሲሉ መጀመሪያ ላባዎቹ ይመጣሉ፣ ከዚያ ጢስ ማውጫዎቹ፣ ከዚያ ግማሹ የቆመው ጣሪያ። ተመልሼ ወረድኩ። እንደገና ወጣሁ። ሦስተኛው ላይ እትዬ መካከለኛው ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን አውልቃ አገኘኋት።

«ሙሽሪት፣ ጉልበትሽ አያሳዝንሽም?»

«አንዴ ብቻ» አልኳትና አልፌያት ወረድኩ።